ዘመነ መሳፍንት ስለሚባለው ቃል

ሰው ከአባቱ መሬት፣ ከእናቱ ጌጥ ይወርሳል። ሁላችንም ሳናስበው የምንወርሰው ሌላ ንብረት ደግሞ አለ፤ እርሱም ቃል ነው። መሬት ስንወርስ ድንበሩን በሽማግሌ እናስለካለን፤ ጌጥ ስንወርስ ብር መሆኑን ወይም ቆርቆሮ መሆኑን በጣታችን እያሸን እንመረምራለን። ቃልን ግን አባቶቻችን እንደ ተናገሩት እንቀበልና ከየት እንደ መጣ፣ በውስጡስ ምን እንደ ያዘ ሳንጠይቅ፣ በተጣላነው ሰው ላይ እንደ ድንጋይ እንወረውረዋለን።

ዛሬ ልጽፍለት ያሰብሁት ቃል «ዘመነ መሳፍንት» የሚለው ነው። በአገራችን ሁለት ሹማምንት ሲከራከሩ፣ ሸንጎ በሐሳብ ሲለያይ፣ የማኅበር አባላት ሊቀ መንበራቸውን አንታዘዝም ሲሉ «ዘመነ መሳፍንት መጣ» ይባላል። ይህ ከተባለ በኋላ ክርክሩ ያልቃል፤ ተከራካሪውም አገር አጥፊ እንዳይባል ፈርቶ ዝም ይላል። እኔም ይህን ቃል አንድ ጊዜ ሳልመረምር ተናግሬ ሰው ጎድቼበታለሁ። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ምክር ከመስጠቴ በፊት ጥፋቴን መናገር ይገባኛል።

የተወለድሁት በፎገራ ሜዳ፣ ወደ ወረታ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት በማያስኬድ መንደር ውስጥ ነው። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ጥቁር አፈር ያለው ሜዳ ነው። ከደብረ ታቦር አቅጣጫ ካለው ደጋ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት ከአልጋቸው ወጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ የዛሬው ገበሬ ሩዝ የሚያበቅለውም በዚሁ ውኃ ነው። በበጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በነሐሴ አስቸጋሪ የነበረው ውኃ በየካቲት በጭልፋ የሚለካ ይሆናል።

በመንደራችን ከአንዲት ትንሽ ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣ ቦይ አለ። ወደ ስድሳ የሚጠጋ አባወራ በዚያ ቦይ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ሥርዓቱ እንደሚከተለው ነበር፤ የውኃ አባት የሚባለው ሰው ተራ ይሰጣል፣ በተራ የሚጣላውንም ይዳኛል፤ ሁለተኛው ሰው ተራውን በደብተር ይጽፋል፤ ሦስተኛው ለቦይ ጠረጋና ለጠለፋው ጥገና የሚዋጣውን ገንዘብ ይይዛል። ሦስቱም በጉባኤ ይመረጡ ነበር፤ አንዱም የሌላውን ሥራ አይነካም ነበር።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆኜ ወደ መንደሬ በተመለስሁበት ዓመት ውኃው አነሰ። የውኃ አባቱ «ለእገሌ ይለፍ» ሲል ጸሐፊው «በደብተሬ የለም» ይላል፤ ገንዘብ ያዡም «ጉባኤ ሳይፈቅድ አልከፍልም» እያለ ጥገናው ይዘገያል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ሲነታረክ ትዕግሥቴ አለቀ። ተነሥቼም «ይህ ዘመነ መሳፍንት ነው! ሦስት ገዢ ያለው ቤት ይፈርሳል። ለአንድ ሰው ሁሉን ስጡና እንረፍ» አልሁ። ሽማግሌዎቹ ያን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። የተማረ ሰው ተናግሯልና ማንም አልተቃወመኝም። ተራውንም፣ ደብተሩንም፣ ገንዘቡንም ለአንድ ብርቱ ሰው ሰጡት። እኔም አገር እንዳዳነ ሰው ኮርቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

የዚያ ነገር ፍጻሜ ወደ ኋላ ይመጣል። አሁን እኔ ያን ቀን ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ጥያቄ እንጠይቅ። ዘመነ መሳፍንት ማለት ምን ማለት ነው?

መስፍን የግእዝ ቃል ነው፤ ገዢ፣ አለቃ፣ ዳኛ ማለት ነው፤ ሲበዛ መሳፍንት ይባላል። ቃሉን ከዘመን ጋር ያጋባው ግን ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ከመጽሐፈ ኢያሱ ቀጥሎ የሚገኘው መጽሐፈ መሳፍንት፣ እስራኤል ንጉሥ ሳይኖራቸው መሳፍንት እየተነሡ የመሯቸውን ጊዜ ይተርካል። መጽሐፉ የሚዘጋውም በዚያ ወራት ንጉሥ እንዳልነበረና ሰው ሁሉ በፊቱ መልካም መስሎ የታየውን ያደርግ እንደ ነበር በመናገር ነው። የአገራችን ታሪክ ጸሐፊዎች በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሊቃውንት ስለ ነበሩ፣ በጎንደር ዙፋኑ ተዋርዶ በየአገሩ ያለው ጌታ በራሱ ፈቃድ ሲያድር ባዩ ጊዜ ለነገሩ የሚስማማ ስም ከዚያ መጽሐፍ አገኙ።

ይሁን እንጂ ስሙን የሚጠራ ሰው ብዙ ጊዜ የመጽሐፉን መጨረሻ ብቻ ያስታውሳል እንጂ መካከሉን ይረሳል። መካከሉን ያነበበ ሰው መሳፍንቱ ሁሉ ክፉዎች እንዳልነበሩ ያያል። ዲቦራ ከዘንባባ ዛፍ በታች ተቀምጣ ትዳኝ ነበር። ጌዴዎን ሕዝቡ «አንተም ልጅህም ግዙን» ቢለው እምቢ አለ። የጌዴዎን ልጅ አቤሜሌክ ግን ብቻውን ሊነግሥ ፈልጎ ሰባ ወንድሞቹን ገደለ። ከሞት ያመለጠው ታናሽ ወንድሙ ኢዮአታም ያን ጊዜ የዛፎችን ምሳሌ ተናገረ፤ ወይራ፣ በለስና ወይን ፍሬያችንን ትተን አንነግሥም አሉ፤ መንገሥን በደስታ የተቀበለው እሾህ ነበር። ኋላም ሕዝቡ በመሳፍንት ተሰላችቶ ንጉሥ ስጠን ብሎ ሳሙኤልን ሲለምነው፣ ነቢዩ ንጉሥ ልጆቻቸውንና እርሻቸውን እንደሚወስድ አስጠነቀቃቸው። እንግዲህ ስሙ የተወሰደበት መጽሐፍና ተከታዩ ሁለት ነገር ያስተምራሉ፤ ሕግ የሌለበት ብዛት ጥፋት እንደሆነ፣ ሕግ የሌለበት አንድነትም ጥፋት እንደሆነ። እኛ ግማሹን ትምህርት ወርሰን ግማሹን ጥለናል።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። የአገራችንን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን ዓለም ግን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ዘመነ መሳፍንት ጀመረ የሚባለው በ1761 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዓፄ ኢዮአስ ለርዳታ ከትግራይ በጠሩት በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። ሚካኤል ያረጁትን ዓፄ ዮሐንስን አነገሠ፤ እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱና ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሠ። በስድስት ወር ውስጥ በአንዱ ዙፋን ላይ ሦስት ነገሥታት ታዩ። ንጉሥ መግደልና ማንገሥ በአንድ ሰው እጅ እንደሚቻል ከታየ በኋላ ሌላው መስፍን «እኔስ ከሚካኤል በምን አንሳለሁ?» ማለቱ አይቀርም። በ1763 ዓ.ም. የቤጌምድሩ ወንድ በወሰንና የአምሐራው ጎሹ ተባብረው ሠርባኩሳ ላይ ሚካኤልን አሸነፉት። ከዚያ በኋላ ዙፋኑ እንደ ገበያ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ከ1771 እስከ 1792 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወረዱ። ሕዝቡም «ፍጻሜ መንግሥት» ብሎ ሰየማቸው፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ነገሥታት ከስም በቀር ሌላ ነገር አልነበራቸውምና።

እውነተኛው ሥልጣን ያን ጊዜ ወደ የጁ ራሶች ተዛውሮ ነበር። ከእነርሱም ራስ ጉግሣ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ላይ አደረጉ። ደብረ ታቦር ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተወጥቶ የሚገኝ ነው። ወረታን ያየ ሰው ይህን ነገር በካርታ ሳይሆን በዓይኑ ሊረዳው ይችላል። ከዚያች ከተማ አንዱ መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎጃም ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። በጎንደር የንጉሥ ስም አለ፤ በደብረ ታቦር የራሱ ጦር አለ፤ ከዓባይ ማዶ የጎጃም ደጃዝማች አለ። ፎገራ በሦስቱ መካከል ነው። እህልና ከብት የሞላበት ሜዳ፣ ለፈረስም ሣር የማይታጣበት ቦታ ስለሆነ፣ ለዘማች ሁሉ የስንቅ ቤት ነበር። የፎገራ ላም በወተቷና በመልኳ የታወቀች ናት፤ ለተራበ ሠራዊት ግን ላም ሥጋ ብቻ ናት።

ያን ጊዜ ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ያደረበትን ቤት ይበላ ነበር። የዛሬው ጌታ ወታደር በልቶ ሲሄድ፣ የነገው ጌታ ወታደር «ለጠላቴ አብልተሃል» ብሎ ገበሬውን ይቀጣዋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ራስህን በዚያ ገበሬ ቦታ አስቀምጥና የበደለህን ለማን እንደምትከስ አስብ። ፍትሐ ነገሥት በብራና ተጽፎ ነበር፤ በጎንደርም የሚተረጉሙት ሊቃውንት ነበሩ። ነገር ግን ንጉሡ ቢፈርድ የሚያስፈጽምለት የለም፤ የሚያስፈጽመው ራስ ደግሞ ራሱ ተከሳሹ ነው።

የዚያን ዘመን ጠባይ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ የተደረገው ጦርነት ነው። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ በራስ ዓሊ ላይ ዘምተው አሸነፉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። አሸናፊዎቹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው በድላቸው ሲደሰቱ የራስ ዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ውቤን ማረካቸው። አሸናፊው እስረኛ ሆነ፤ የሸሸው ጌታ ደግሞ ማሸነፉን ከሰው ሰማ። ይህ ለሰሚው ሊያስቅ ይችላል። ነገር ግን ለዚያ ድልና ለዚያ ሽንፈት በሁለቱም ወገን የሞቱት የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ ከጦርነቱም በኋላ አንድም ሕግ፣ አንድም ድንበር፣ አንድም የፍርድ ወንበር አልተጨመረም። ሰዎቹ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ነገሩ እንደ ነበረ ቆየ።

እንግዲህ በሽታው ምን ነበር? «የገዢ መብዛት ነው» ብለው የሚመልሱ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም በዋርካው ሥር ያልሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከ1761 ዓ.ም. በፊትም ቢሆን ትግራይ ገዢ ነበረው፣ ጎጃም ገዢ ነበረው፣ ቤጌምድርም ገዢ ነበረው። ብዛታቸው አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ስምና ሥልጣን ተለያዩ፤ ንጉሡ ስም ይዞ ሥልጣን አጣ፣ ራሱ ሥልጣን ይዞ ኃላፊነት አጣ፤ ስለዚህ ጥፋት ሲደርስ ጥፋተኛ አይገኝም። ሁለተኛ፣ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ድንበር በስምምነት መወሰኑ ቀርቶ በየዓመቱ በጦር የሚለካ ሆነ። ሦስተኛ፣ የተበደለ ሰው ከበደለው ሰው በላይ የሚጮህበት ቦታ አጣ። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ቦታ ገዢው መቶም ቢሆን አንድም ቢሆን ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ይህ አባባል ለሚያስደንቀው ሰው የመድኃኒቱን ታሪክ ላስታውሰው። የቋራው ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸነፋቸው። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረገ። ውቤ ሊነግሡበት ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ዓፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ሰማንያ ስድስት ዓመት የቆየው ዘመን በዚያ ተዘጋ። ቴዎድሮስ አገር አንድ እንድትሆን ማሰባቸው፣ ለወታደርም ደመወዝ ለመቁረጥ መሞከራቸው ታላቅነት ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ታሪክ አያውቅም።

ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻ እናንብብ። መሳፍንቱ ሁሉ ከወደቁ በኋላ ሥልጣኑ በአንድ እጅ ተሰበሰበ፤ ያን እጅ «ተው» የሚለው ግን አልነበረም። ንጉሡ ሲቆጡ ቁጣቸው ሕግ ሆነ። በ1859 ዓ.ም. የነገሥታቱ ከተማ ጎንደር በራሳቸው በንጉሧ ትእዛዝ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በዚያው ወራት የቤጌምድር ገበሬ ቀድሞ በመሳፍንት ወታደር እንደ ተዘረፈ ሁሉ አሁን ደግሞ በአንድ ንጉሥ ወታደር ተዘረፈ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የዚህን ገበሬ ሕይወት ይገልጻል። በዘመነ መሳፍንት የሚከሰው አልታወቀም ነበር፤ አሁን የሚከሰው ታወቀ፣ መክሰስ ግን አልተቻለም። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከሠራዊታቸው አብዛኛው ጥሏቸው ሄዶ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም ስለ ሥልጣን ምን ያስብ እንደ ነበር ብንመለከት ትምህርት እናገኛለን። ኢዮአስ ከመገደላቸው 21 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1748፣ ሞንቴስኪዩ የሚባል ፈረንሳዊ ዳኛ የሕግ መንፈስ የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም ሕግ የማውጣት፣ ሕግ የማስፈጸምና የመፍረድ ሥልጣን በአንድ እጅ ከተገናኙ ነጻነት እንደማይኖር አስረዳ። በ1787 የአሜሪካ ሰዎች ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ ይህን ሐሳብ ተከተሉ፤ ሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ፕሬዚዳንቱና ፍርድ ቤቱ እያንዳንዳቸው ድንበር ተሰጣቸው፣ አንዱም ሌላውን እንዲጠብቅ ተደረገ። እኛ የሥልጣንን መከፋፈል እንደ መርገም በምናይበት ጊዜ እነርሱ አስበው ከፋፈሉት።

መከፋፈል ሁሉ ግን በረከት እንዳይመስለን ፖላንድን እንይ። በፖላንድ ሸንጎ አንድ እንደራሴ ብቻውን «አልስማማም» ቢል ጉባኤው ይበተን ነበር። ሁሉም ማገድ ይችላል፤ ማንም መሥራት አይችልም። ጎረቤቶቿ ይህን አይተው በ1772 መሬቷን መቁረስ ጀመሩ፤ በ1795 ፖላንድ ከካርታ ጠፋች። እንግዲህ የአሜሪካም የፖላንድም ሥልጣን የተከፈለ ነበር። የአንደኛው ክፍፍል ሥራ የሚያሠራ ሕግ ነበረው፤ የሁለተኛው ግን ሥራ የሚያቆም ልማድ ሆነ። ስለዚህ አንድን አገር ስንመረምር «ሥልጣኑ ስንት ቦታ ተከፈለ?» ከማለት ይልቅ «ድንበሩን ያወቀ አለን? ድንበሩን ያለፈውስ ይመለሳልን?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል።

አሁን ወደ መንደራችን ቦይ ልመለስ፤ ዕዳዬ እዚያ ነውና።

ሁሉ ነገር የተሰጠው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠለፋው ተጠገነ፣ ቦዩ ተጠረገ፣ ክርክርም ጠፋ። እኔም «አላልኋችሁምን?» እያልሁ እንጎራደድ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የወንድሙ ተራ ቀን በቀን፣ የሌላው ተራ ሌሊት እየሆነ መጣ። ደብተሩ በእርሱ ቤት ስለ ነበረ ማንም ሊያመሳክር አልቻለም። ገንዘቡም በእርሱ ኪስ ስለ ነበረ የጠየቀው ሰው «አታምነኝምን?» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ባል የሞተባት አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በግማሽ ጥማድ መሬት ላይ ሽንኩርት ተክላ ነበር። ሦስት ተራ አለፋት። አንድ ማታ ወደ ቤቴ መጥታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ምነው ወደ ውስጥ አይገቡም?» አልኋት።

«ልጄ፣ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ» አለችኝ። «ያን ጊዜ ሦስት ነበሩ። አንዱ ቢያስቀይመኝ ለሁለተኛው እነግር ነበር። አሁን ለማን ልንገር?»

የምመልሰው አጣሁ። ከመጽሐፍ ያገኘሁት ትምህርት ሁሉ ለዚያ ጥያቄ አልደረሰልኝም። በማግሥቱ ማለዳ እርሻዋን ሄጄ አየሁት፤ የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ ወደ መሬት ተኝቷል፤ ሥሩን ብነቅለው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ከደመወዜ ጥቂት ብር ይዤ ብሄድባት አልተቀበለችኝም። «ብሩን ተወው፤ ደብተሩን አስመልስልኝ» አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ዋርካ ሥር ተነሥቼ ተሳስቼ እንደ ነበር ተናገርሁ። ለተማረ ሰው «አላወቅሁም ነበር» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። ሰውየውም በቁጣ «እኔ መቼ ስጡኝ አልሁ? አንተ አይደለህምን ያሸከምኸኝ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሰውን ከአቅሙ በላይ አምኖ፣ ተቆጣጣሪ ሳያደርጉለት ሥልጣን መስጠት እርሱንም መበደል ነው፤ ያለ ደብተር ገንዘብ የሚይዝ ሰው ታማኝ ቢሆን እንኳ ታማኝነቱን የሚያስመሰክርበት ነገር የለውምና። ጉባኤው ሦስቱን ሹመት እንደ ቀድሞው ለየ፤ አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ፤ ደብተሩ በየእሑዱ በሰው ፊት እንዲነበብ፣ ጸሐፊውና የውኃ አባቱ ያልተስማሙበትንም ነገር በዚያው ቀን ሽማግሌዎች እንዲጨርሱት ወሰነ። የቀድሞው ጉድለታችን እርሱ ነበር፤ ሦስት ሰው ሲለያይ የሚጨርስ አልነበረንም። እኔ ግን ያን ጉድለት በመሙላት ፈንታ ቤቱን ሁሉ አፈረስሁት። የአሮጊቷ ሽንኩርት ለዚያ ዓመት አልዳነም።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ያለ ችግር ይሄዳል ብዬ አልዋሽም። ክርክር አለ፤ እሑድ እሑድ ምሳ እስኪዘገይ ድረስ እንነታረካለን። የተከፈለ ሥልጣን ሥራን እንደሚያዘገይ፣ ጆሮንም እንደሚያደክም የሚናገሩ ሰዎች እውነት አላቸው። ጠላት ደጃፍ ላይ በቆመ ጊዜ፣ ጎርፍም ጠለፋውን ሲሰብር፣ አንድ ሰው አዝዞ ሌላው መታዘዝ አለበት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አባቶቻችን ይህን አውቀው ነው። ነገር ግን እነዚያው አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል። ሁለቱ ተረቶች አይጣሉም። ድሩ የሚያብረው ለአንድ ሥራ ነው፤ ባላው የሚተከለው ግን ሰው ተሰባሪ ስለሆነ ነው። ንጉሥም፣ ራስም፣ የውኃ አባትም፣ አስተማሪም ተሰባሪ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተ ነገ በሸንጎ ትቀመጣለህ፣ ማኅበር ትመራለህ፣ ምናልባትም ታላቅ ሹመት ይሰጥህ ይሆናል። ሰው ሲቃወምህ «ዘመነ መሳፍንት» የሚለው ቃል ወደ አፍህ ይመጣል፤ ቃሉ የሚያስፈራ፣ ክርክርንም የሚያሳጥር ስለሆነ ሳትጠራው ይመጣል። ያን ጊዜ አፍህን ያዝና ሦስት ነገር ጠይቅ። ጥፋት ቢደርስ ጥፋተኛው ይታወቃልን? በእኔና በባልንጀራዬ መካከል ያለውን ድንበር የወሰነው ስምምነት ነውን ወይስ ጉልበት? ከሁላችንም ያነሰው ሰው ቢበደል የሚነግርበት ሁለተኛ ደጃፍ አለውን? ለሦስቱም መልሱ አዎን ከሆነ፣ ጩኸቱ ቢበዛም ዘመኑ ደኅና ነው፤ ታገሥ። መልሱ የለም ከሆነ ግን፣ ገዢው አንድ ቢሆንም፣ አገሩም እንደ መቃብር ጸጥ ቢል፣ አባቶቻችን ያዘኑበት ዘመን ገና አላለፈም።

እኔ ይህን የተማርሁት ከታሪክ መጽሐፍ አስቀድሞ ደጃፌ ላይ ከተቀመጠች አንዲት አሮጊት ነው። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም። ሹመት ሲሰጡህ፣ ከሹመቱ ደስታ በፊት፣ አንተ በድለሃት ስትሄድ ለማን እንደምትነግር አስብላት።